አንዲቷ «የ» በእንግሊዝኛ አፍ፦ «የእኔ»፣ «የእሷ»፣ «አለኝ» እንዴት ይባላል?

በአማርኛ ባለቤትነትን ለመግለጽ አንዲት ፊደል ትበቃናለች። የሳራ ቦርሳ፣ የበር እጀታ፣ የወርቅ ቀለበት፣ የዛሬ ዜና፣ የጥያቄው መልስ፣ የዓለም ዋንጫ፤ ሁሉንም «የ» ትሸከማቸዋለች። እንግሊዝኛ እነዚህኑ 6 ሐረጎች እንዲህ ይላቸዋል፦ «ሳራዝ ባግ»፣ «ዶር ሃንድል»፣ «ጎልድ ሪንግ»፣ «ቱዴይዝ ኒውዝ»፣ «ዚ አንሰር ቱ ዘ ክዌስችን»፣ «ዘ ወርልድ ካፕ»። ልብ ብለው ከሆነ ከ6ቱ በአንዱም ላይ «ኦቭ» የለችም። «የ ማለት ኦቭ ነው» ብሎ የተማረ ሰው ግን 6ቱንም በ«ኦቭ» ይላቸዋል። «ዘ ባግ ኦቭ ሳራ» ቢል ሰሚው ሳይረዳው አይቀርም፤ ሆኖም እንዲህ ብሎ የሚናገር የለም።

ጉዳዩ የአፍና የጆሮ ስለሆነ የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን በሙሉ እንደሚሰሙት በፊደላችን ጽፈናቸዋል። ሳድስ ፊደላትን ሲያነቡ አናባቢ አይጨምሩባቸው፤ «ፍሬንድዝ» መጨረሻ ላይ ያሉት «ንድዝ» ተጣብቀው ነው የሚወጡት።

ከኋላ የምትለጠፈዋ «ዝ»

በአማርኛ ምልክቷ ከባለቤቱ ፊት ትቆማለች፤ በእንግሊዝኛ ከባለቤቱ ኋላ ትለጠፋለች። የቃላቱ ተራ ግን አይለወጥም። በሁለቱም ቋንቋ ባለቤቱ ይቀድማል፣ ንብረቱ ይከተላል፦ የሳራ ቦርሳ፣ «ሳራዝ ባግ»። ስለዚህ ሥራው «የ»ን ከፊት አንሥቶ «ዝ»ን ከኋላ መለጠፍ ብቻ ነው። «ኦቭ»ን ያለ ቦታዋ የሚያስገባ ሰው ይህን የተመቸ ተራ ራሱ ገልብጦ፣ ከዚያ መልሶ ለማቃናት ይደክማል።

«ዝ» እንደ ቃሉ መጨረሻ 3 ድምፅ አላት። ቃሉ በ«ፕ»፣ «ት»፣ «ክ» ወይም «ፍ» ካለቀ ድምፅዋ ወደ «ስ» ይሳሳል፦ «ሄኖክስ ፎን»፣ «ዳዊትስ ሩም»፣ «ማይ ዋይፍስ ካር»። ቃሉ በ«ስ»፣ «ዝ»፣ «ሽ»፣ «ች» ወይም «ጅ» ካለቀ በመካከል አናባቢ ትገባለች፦ «ማይ ቦሲዝ ኦፊስ»፣ «ዘ ኮቺዝ ካር»፣ «ዮናሲዝ ባግ»። ከእነዚህ ውጭ ባለው ላይ በአብዛኛው «ዝ» ናት፦ «ሳራዝ»፣ «ሰላምዝ»፣ «ማይ ብራዘርዝ»፣ «ማይ ፍሬንድዝ»። በ«ስ» እና በ«ዝ» መካከል ያለውን ልዩነት ለመለየት ጣትዎን ጉሮሮዎ ላይ ያሳርፉና መጀመሪያ «ስስስ»፣ ቀጥሎ «ዝዝዝ» ይበሉ፤ በሁለተኛው ጉሮሮ ይንቀጠቀጣል። የባለቤቱ ስም የመጨረሻ ድምፅ የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ ቅጥያዋም ታንቀጠቅጣለች፤ ሕጉ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፣ አፍ የጀመረውን መቀጠሉ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ስህተቶች አሉ። የመጀመሪያው ተነባቢ ሲደራረብ አፍ ስለሚከብደው አናባቢ መሸጎጥ ነው፦ «ፍሬንዲዝ»፣ «ሄኖኪዝ»። አናባቢዋ የምትፈቀደው ከ«ስ» ቤተሰብ በኋላ ብቻ ነው። ሁለተኛው ከዚህ የከፋ ነው፤ ቅጥያዋን ጨርሶ መዋጥ። «ማይ ፍሬንድ ካር» ሲባል ሰሚው ባለቤቱ ማን እንደሆነ የሚይዝበት ነገር ያጣል። የሚከብድዎት ከሆነ መጀመሪያ ቀጥሎ በአናባቢ የሚጀምር ቃል ያለበትን ይለማመዱ፤ «ማይ ፍሬንድዝ ኦፊስ» ሲሉ «ዝ» ወደ ኋለኛው ቃል ተሻግራ «ማይ ፍሬንድ ዞፊስ» ትመስላለች፣ እዚያ ላይ ምላስ አይደናቀፍም። ከዚያ ወደ «ማይ ፍሬንድዝ ካር» ይሻገሩ።

ማዘርስ ዴይ ስንል፣ ሊቫይስ ሱሪ ስንል፣ ማክዶናልድስ ስንል መጨረሻ ላይ የምንላት «ስ» ይህችው ቅጥያ ናት፤ የእናት ቀን፣ የሊቫይ፣ የማክዶናልድ ማለት ነው። በጽሑፍ ከፊቷ ከፍ ብላ የምትንጠለጠል ትንሽ ጭረት አለች። ጥንት እንግሊዝኛ በብዙ ስሞች ላይ ባለቤትነትን ሲያሳይ አናባቢ ያለው «ኤስ» የሚመስል ቅጥያ ነበረው፤ አናባቢው ከጊዜ ብዛት ወደቀ፣ ጭረቷ የወደቀበትን ቦታ ታመለክታለች። በንግግር ጭረት አትሰማም። ለዚህም ነው «ማይ ሲስተርዝ ሩም» ሲባል የአንዲት እህት ክፍል ይሁን የብዙ እህቶች በጆሮ የማይለየው። ልዩነቱ የግድ ካስፈለገ ሰዎች ቁጥር ይጨምራሉ፦ «ማይ ቱ ሲስተርዝ ሩም»። በ«ስ» ሳይሆን በራሳቸው መንገድ የሚበዙ ስሞች ብቻ ግልጽ ናቸው፦ «ዘ ቺልድረንዝ ሩም»፣ «ፒፕልዝ ኔምዝ»።

ባለቤቶቹ ሁለት ሆነው ንብረቱ የጋራ ከሆነ ቅጥያዋ መጨረሻው ላይ ብቻ ትገባለች፤ «ሳራ ኤንድ ሄኖክስ ሃውስ» አንድ ቤት ነው። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ካላቸው ሁለቱም ላይ ትገባለች፤ «ሳራዝ ኤንድ ሄኖክስ ፎንዝ» ሁለት ስልክ ነው። ከባለቤቶቹ አንዱ «እኔ» ከሆነ አትጨነቁ፣ እንግሊዞቹም ይቸገሩበታል፤ «አወር ሃውስ» ብሎ መገላገል ይሻላል።

ባለቤት ሲደራረብ

አማርኛ እዚህ ላይ ቆጣቢ ነው። «የጓደኛዬ እህት ባል መኪና» ስንል ባለቤት የሆኑት 3 ሲሆኑ «የ» ግን አንዴ ብቻ ተነግራ ትቀራለች። እንግሊዝኛ አይቆጥብም፣ ባለቤት በሆነ ሁሉ ላይ ይለጥፋል፦ «ማይ ፍሬንድዝ ሲስተርዝ ሃዝባንድዝ ካር»። አማርኛውን የተከተለ ሰው አንዷን «ዝ» ብቻ ይልና «ማይ ፍሬንድ ሲስተር ሃዝባንድዝ ካር» ይላል፤ ይህ ለሰሚው የስሞች ክምር ነው። መቁጠሪያው ቀላል ነው፦ የመጨረሻው ቃል ንብረት ነው፣ ከእሱ በፊት ያለ ሰው ሁሉ «ዝ» ይወስዳል።

ሰዎቹ ላይ ዕቃ ሲጨመር ደግሞ እንዲህ ይሆናል። ዓረፍተ ነገሩ «የጓደኛዬ እህት መኪና የኋላ በር አይዘጋም» ነው እንበል። ከመጨረሻው ይነሡ። የማይዘጋው ምንድን ነው? የኋላው በር፤ «ዘ ባክ ዶር»። የምን በር? የመኪና። መኪና ሕይወት የለውም፣ በሩም የመኪናው ክፍል ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ብቻ ተራው ይገለበጥና «ኦቭ» ትገባለች። መኪናው የማን ነው? የእህት፤ ሰው ናት፣ «ሲስተርዝ ካር»። እህትየው የማን? የጓደኛ፤ «ፍሬንድዝ ሲስተርዝ ካር»። ጓደኛው የማን? የእኔ፤ «ማይ»። ሲገጣጠም፦ «ዘ ባክ ዶር ኦቭ ማይ ፍሬንድዝ ሲስተርዝ ካር ዳዝንት ክሎዝ»። ሲናገሩ ትንፋሽ መውሰድ ቢያስፈልግዎት ከ«ዶር» በኋላ ይውሰዱ፤ «ፍሬንድዝ» እና «ሲስተርዝ» መካከል አይቁሙ።

ባለቤቱ ሰው ካልሆነ

ባለቤቱ ሰው፣ እንስሳ ወይም እንደ ድርጅት፣ ቡድን፣ ከተማና አገር ያለ የሰዎች ስብስብ ከሆነ «ዝ»ን አይልቀቁ፦ «ዘ ዶግዝ ቴይል»፣ «ዘ ካምፓኒዝ ኒው ኦፊስ»። ዕቃ ሲሆን ግን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ፊተኛው ቃል «ምን ዓይነት?» ለሚለው መልስ ይሆናል ወይ? የስልክ ቁጥር፣ የመኪና ቁልፍ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የመጻሕፍት መደብር፤ እነዚህ ዓይነትን ነው የሚናገሩት። ስልኩ የቁጥሩ ባለቤት ነው የሚል ሐሳብ የለባቸውም። እንግሊዝኛ ሁለቱን ስሞች ያለ ምንም ማያያዣ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል፦ «ፎን ነምበር»፣ «ካር ኪ»፣ «ቱዝ ብራሽ»፣ «ቡክ ሾፕ»። በዕለት ንግግር ከ3ቱ መንገዶች፣ ማለትም ከ«ዝ»፣ ከ«ኦቭ» እና ከዚህ ጎን ለጎን ማስቀመጥ፣ ለዕቃ በብዛት የሚያገለግለው ይህኛው ነው፣ የእኛ ተናጋሪ ግን አልፎት ይሄዳል፤ ባዶነቱ የጎደለ ነገር ያለ ያስመስለዋልና አንድ ነገር ካልጨመረበት አያርፍም።

የዚህ መንገድ ሁለት ዝርዝሮች አሉ። ፊተኛው ስም በብዛት ነጠላ ነው፤ መደብሩ ሺህ መጽሐፍ ቢይዝም «ቡክስ ሾፕ» አይባልም። ድምፅ የሚጠብቀው ደግሞ በብዛት ፊተኛው ላይ ነው፤ «*ፎን* ነምበር»፣ «*ካር* ኪ»። ሁለቱን እኩል ካጠበቋቸው ሁለት የተለያዩ ነገሮች የጠሩ ይመስላል። የሚለበስና የሚጠቀሙበት ለሰው ዓይነት የተሠራ ሲሆን «ዝ» ትመለሳለች፤ የሴቶች ጫማ «ዊምንዝ ሹዝ»፣ የልጆች ልብስ «ቺልድረንዝ ክሎዝ» ነው።

«ኦቭ» የራሷ ቦታ አላት። አንድ የታወቀ ዕቃን ክፍል፣ ጫፍ፣ ስም፣ ቀለም ወይም መጠን ሲናገሩ እሷ ትመጣለች፦ የመንገዱ መጨረሻ «ዚ ኤንድ ኦቭ ዘ ሮድ»፣ የገጹ አናት «ዘ ቶፕ ኦቭ ዘ ፔጅ»፣ የሆቴሉ ስም «ዘ ኔም ኦቭ ዘ ሆቴል»። በአማርኛ ፊተኛው ቃል «ኡ»፣ «ው» ወይም «ዋ» ይዞ ከመጣ፣ ማለትም መንገዱ፣ ገጹ፣ ሆቴሉ ከተባለ፣ «ኦቭ» የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል። ባዶውን ከመጣ፣ ሆቴል፣ ስልክ፣ ጥርስ ብቻ ከተባለ፣ የዓይነት ነገር ነውና ጎን ለጎን ይቀመጣል። ሁልጊዜ አይሠራም፤ «የመኪናው በር»ን «ዘ ካር ዶር» ማለት ከ«ዘ ዶር ኦቭ ዘ ካር» ይልቅ ይቀናል። ያም ሆኖ ለጀማሪ የሚጠቅም ምልክት ነው።

የሻይ ሲኒ እና አንድ ሲኒ ሻይ በእንግሊዝኛም ይለያያሉ። «ቲ ካፕ» ባዶ ዕቃ ነው፣ «ኧ ካፕ ኦቭ ቲ» የሚጠጣው ነው። «ጊቭ ሚ ኧ ቲ ካፕ» ያለ ሰው ባዶ ሲኒ ቢቀርብለት የአቅራቢው ጥፋት አይደለም።

ጊዜ ሕይወት ባይኖረውም «ዝ» ይወስዳል፤ «ቱዴይዝ ኒውዝ»፣ «ላስት ዊክስ ሚቲንግ»። ጥቂት ስሞች ደግሞ «ኦቭ»ንም «ዝ»ንም አይፈልጉም፣ የራሳቸውን ማያያዣ ይመርጣሉ። የጥያቄው መልስ «ዚ አንሰር ቱ ዘ ክዌስችን»፣ የችግሩ መፍትሔ «ዘ ሶሉሽን ቱ ዘ ፕሮብለም»፣ የበሩ ቁልፍ «ዘ ኪ ቱ ዘ ዶር»፣ የመዘግየቱ ምክንያት «ዘ ሪዝን ፎር ዘ ዲሌይ»። ለእነዚህ ሕግ መፈለግ ድካም ነው፤ ከነማያያዣቸው ይሸምድዷቸው።

«ማይ» እና «ማይን»

በአማርኛ «የእኔ መጽሐፍ» እና «መጽሐፉ የእኔ ነው» ውስጥ ያለችው «የእኔ» አንድ ናት። በእንግሊዝኛ ሁለት ናት። ንብረቱ ቀጥሎ ከተጠራ አጭሩ፣ ካልተጠራ ረጅሙ፦ «ኢት ኢዝ ማይ ቡክ»፣ ነገር ግን «ኢት ኢዝ ማይን»። ጥንዶቹ «ማይ» እና «ማይን»፣ «ዮር» እና «ዮርዝ»፣ «ኸር» እና «ኸርዝ»፣ «አወር» እና «አወርዝ»፣ «ዜር» እና «ዜርዝ» ናቸው። «ሂዝ» ብቻ በሁለቱም ቦታ አይለወጥም። «ኢዝ ዚስ ዮር?» የሚል ጥያቄ ሰሚውን አንጠልጥሎ ይተወዋል፤ «የአንተ ምን?» ብሎ ቀጣዩን ቃል ይጠብቃል። «ኢዝ ዚስ ዮርዝ?» ይበሉ። በተቃራኒው «ማይንስ» የሚል ቃል የለም፤ ሌሎቹ ሁሉ በ«ዝ» ስላለቁ እሷም ላይ መለጠፍ ስህተት ነው።

ባለቤቱን ለመጠየቅ «ሁዝ» ትበቃለች፦ «ሁዝ ባግ ኢዝ ዚስ?» መልሱ ውስጥ ቦርሳውን መድገም አያስፈልግም፤ «ኢትስ ማይ ሲስተርዝ» ብሎ ማቆም ይቻላል። ቅጥያዋ ግን አትቀርም። «ኢትስ ማይ ሲስተር» ካሉ ቦርሳው እህትዎ ሆነ ማለት ነው።

«ያ ጓደኛህ» በሚለው ሐረግ አማርኛ «ያ»ን እና «ህ»ን ያለ ችግር ያጣምራል፤ እንግሊዝኛ ሁለቱን ከአንድ ስም ፊት አያሰልፍም። «ዛት ዮር ፍሬንድ»ም «ዘ ማይ ቡክ»ም አይባልም። ከ«ማይ» ቤተሰብ አንዱ ካለ «ዘ»፣ «ኧ»፣ «ዚስ»፣ «ዛት» ይወጣሉ። ሁለቱም የግድ ካስፈለጉ ረጅሙ ቃል ወደ ኋላ ይሄዳል፦ «ዛት ፍሬንድ ኦቭ ዮርዝ»፣ «ኧ ፍሬንድ ኦቭ ማይን»። «ኧ ፍሬንድ ኦቭ ሚ» ስህተት ነው። ይህ ሐረግ በፍጥነት ሲነገር «ኧፍሬንደቭማይን» ተብሎ እንደ አንድ ቃል ስለሚወጣ፣ ለመስማትም እንዲሁ አድርገው ይለማመዱት።

«የራሴ» ስንል «ኦውን» ብቻዋን አትቆምም፤ ፊቷ ላይ ባለቤት ትፈልጋለች። «አይ ሃቭ ኦውን ሩም» ወይም «ኧን ኦውን ሩም» አይባልም። «አይ ሃቭ ማይ ኦውን ሩም» ነው።

«ቤቱ» የማን ነው?

በአማርኛ «ቤቱ» ሁለት ትርጉም አለው፤ የታወቀው ቤት ወይም የእሱ ቤት። አገባቡ ስለሚለየው አንቸገርም። እንግሊዝኛ ሲናገሩ ግን ከሁለት አንዱን መምረጥ ግዴታ ነው፦ «ዘ ሃውስ» ወይም «ሂዝ ሃውስ»። ጥርጣሬ ሲገባዎት አማርኛውን በ«የእሱ» ይሞክሩት፤ «የእሱ ቤት» ብሎ የሚያስኬድ ከሆነ «ሂዝ» ነው። በተለይ በአካል ክፍሎችና በዘመድ ላይ እንግሊዝኛ ባለቤቱን መጥራት ይወዳል። «እጄን ታጠብኩ» ላይ «ጄ» ብላ የምታልፈው ድምፅ በእንግሊዝኛ ሙሉ ቃል ትሆናለች፦ «አይ ዎሽት ማይ ሃንድዝ»። ያለ «ማይ» የማን እጅ እንደታጠበ አይታወቅም።

አክብሮት ሌላ ወጥመድ አለው። «አባቴ ቁልፋቸውን ጣሉ» ብሎ ያደገ ሰው «ማይ ፋዘር ሎስት ዜር ኪ» ማለቱ አይገርምም። እንግሊዝኛ በዚህ ቦታ አንቱታ የለውም፤ አባት «ሂዝ»፣ እናት «ኸር» ናቸው። ያንተ፣ ያንቺ፣ የእርስዎ፣ የእናንተ፣ 4ቱም በ«ዮር» ይጠቃለላሉ። «ዜር» ለአንድ ሰው የሚውለው በብዛት ሰውየው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ሲቀር ነው፦ «ሳምባዲ ሌፍት ዜር ፎን»፣ አንድ ሰው ስልኩን ጥሎ ሄዷል።

ለመስማት ይረዳ ዘንድ፦ «ሂዝ» እና «ኸር» ከዓረፍተ ነገር መሃል ሲገቡ «ሀ»ቸው ይጠፋል። «አይ ኖው ኢዝ ብራዘር»፣ «አይ ኖው ኧር ብራዘር» ብለው ነው የሚወጡት። ቃሉ ያልተባለ ቢመስልም ተብሏል።

«አለኝ»

«ወንድም አለኝ»፣ «እህት አለችኝ»፣ «3 ልጆች አሉኝ» ስንል ግሱ የሚከተለው ያለውን ነገር ነው፤ ባለቤቱ «ኝ» ውስጥ ተደብቋል። እንግሊዝኛ ይህን ይገለብጠዋል። ባለቤቱ ፊት ይቆማል፣ ግሱም ባለቤቱን ብቻ ያያል። 1 ይኑረው 100፣ «ማይ ብራዘር ሃዝ ቱ ካርዝ» ነው። «ማይ ብራዘር ሃቭ ቱ ካርዝ» የሚያሰኘው አንዳንዴ ሁለቱ መኪኖች ግሱን እንደ «አሉት» ስለሚስቡት ነው። «ሃዝ» ለ«ሂ»፣ «ሺ»፣ «ኢት» እና በእነሱ ሊተካ ለሚችል ስም፤ ለሌላው ሁሉ «ሃቭ»። ነበረኝ፣ ነበረው፣ ነበራቸው ያለ ልዩነት «ሃድ»፤ ይኖረኛል «ዊል ሃቭ»።

ለ«የለኝም» «ዶንት ሃቭ»፣ ለ«የላትም» «ዳዝንት ሃቭ» ይበሉ። «ዳዝንት ሃዝ» አይባልም፤ ያቺ «ዝ» የምትመጣው አንዴ ብቻ ነው፣ «ዳዝ» ወስዷታል። በጥያቄም እንዲሁ፦ «ዳዝ ሺ ሃቭ ኧ ካር?»

ከዚህ ጎን «ሃቭ ጎት» አለ። ትርጉሙ ያው «አለኝ» ነው፣ የብሪታንያ ሰዎች በንግግር አብዝተው ይጠቀሙበታል፦ «አይቭ ጎት ኧ ካር»፣ «ሺዝ ጎት ኧ ካር»፣ «ሃቭ ዩ ጎት ኧ ፔን?»፣ «አይ ሃቭንት ጎት ታይም»። ሁለቱን ማዳቀል ነው ችግሩ። «ዱ ዩ ሃቭ ጎት» የለም። ጥያቄው በ«ዱ» ከጀመረ መልሱ «የስ፣ አይ ዱ»፣ በ«ሃቭ ዩ ጎት» ከጀመረ «የስ፣ አይ ሃቭ»። ለ«ነበረኝ» «ጎት»ን ይርሷትና «ሃድ» ይበሉ። ሁለቱንም መልመድ አያስፈልግም፤ አንዱን ለመናገር ይያዙ፣ ሌላውን ሲሰሙ ይወቁት።

«አይ አም ሃቪንግ ኧ ካር» ደግሞ መኪናውን እንደሚበሉት ያስመስላል። «ሃቪንግ» የሚሆነው ድርጊት ሲሆን ነው፤ «ዊ አር ሃቪንግ ላንች» ምሳ እየበላን ነው። ንብረት ድርጊት አይደለም። «ቢሎንግ»ም ይህንኑ ሕግ ትከተላለች፤ «ዚስ ቢሎንግዝ ቱ ማይ ሲስተር» (ይህ የእህቴ ነው) እንጂ «ኢዝ ቢሎንጊንግ» አይባልም።

በአማርኛ «አለኝ» ሳንል የምንገልጻቸውን አንዳንድ ነገሮች እንግሊዝኛ በ«ሃቭ» ይላቸዋል። ራሴን አሞኛል «አይ ሃቭ ኧ ሄድኤክ»፤ ጉንፋን ይዞኛል «አይቭ ጎት ኧ ኮልድ»። ረኃብና ዕድሜ ግን ከዚህ ውጭ ናቸው፤ ርቦኛል «አይም ሃንግሪ»፣ 20 ዓመቴ ነው «አይም ትዌንቲ»።

አሁን «ሳራዝ» የምትለዋ ድምፅ 3 ትርጉም እንዳላት እንይ፣ ማለትም የሳራ፣ ሳራ ነች፣ እና ከ«ጎት» ጋር ስትሆን ሳራ አላት። የሚለያቸው ቀጥሎ ያለው ቃል ነው። «ሳራዝ ካር» ላይ ስም ተከተላት፣ የሳራ መኪና ነው። «ሳራዝ ሂር» ላይ ቦታ ተከተላት፣ ሳራ እዚህ ነች። «ሳራዝ ጎት ኧ ካር» ላይ «ጎት» መጣች፣ ሳራ መኪና አላት። ንግግር ሲያዳምጡ «ዝ»ን ሰምተው ወዲያው አይፍረዱ፤ አንድ ቃል ይታገሱ። በጽሑፍ የ«ኢትስ» ነገር ከዚህ ጋር ይሄዳል። ጭረት ካላት «ኢት ኢዝ» ማለት ናት፣ ጭረት ከሌላት የባለቤትነት ናት።

«ያለው»፣ «ያላት» ሲመጣ «ሁ ሃዝ» ማለት ስህተት ባይሆንም ይከብዳል፤ በንግግር «ዊዝ» ትበቃለች። ሰማያዊ ዓይን ያላት ልጅ «ዘ ገርል ዊዝ ብሉ አይዝ»። ቀይ ቦርሳ የያዘው ሰውዬ «ዘ ማን ዊዝ ዘ ሬድ ባግ»።

«እኔ ጋ»፣ «እህቴ ጋ»

«ጋ» በአማርኛ ሁለት ሥራ ትሠራለች፣ ለሁለቱም እንግሊዝኛ የተለያየ ነገር አለው። ቦታ ስትሆን፣ «እህቴ ጋ ነኝ» ስንል፣ ቤቱን አንጠራውም፤ እንግሊዝኛም አይጠራውም፣ ቅጥያዋን ግን አይተዋትም፦ «አይም አት ማይ ሲስተርዝ»። ሐኪም ጋ «አት ዘ ዶክተርዝ»፣ የጥርስ ሐኪም ጋ «አት ዘ ዴንቲስትስ»። ከ«ዝ» በኋላ ቤት ወይም ቢሮ የሚል ቃል እንደተዋጠ ያስቡ።

ዕቃ ስትሆን፣ «ቁልፉ እኔ ጋ ነው» ስንል፣ «ዘ ኪ ኢዝ ዊዝ ሚ» ከማለት ይልቅ «አይቭ ጎት ዘ ኪ» ይቀናል። እዚህ ላይ አማርኛ የሚለየውን ነገር ልብ ይበሉ። «ገንዘብ አለህ?» እና «ገንዘብ ይዘሃል?» አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ሀብትን፣ ሁለተኛው አሁን ኪስ ውስጥ ያለውን ነው የሚጠይቀው። «ዱ ዩ ሃቭ ማኒ?» ለሁለቱም ሊሰማ ስለሚችል ሰውን ሊያስከፋ ይችላል። ኪሱን ብቻ ለመጠየቅ መጨረሻው ላይ «ኦን ዩ» ይጨምሩ፦ «ዱ ዩ ሃቭ ኤኒ ማኒ ኦን ዩ?» መታወቂያውን ቤት ጥሎት የወጣ ሰው «አይ ዶንት ሃቭ ማይ አይዲ ኦን ሚ» ይላል፤ «ኦን ሚ»ን ካስቀረ መታወቂያው የጠፋበት ወይም ጨርሶ የሌለው ሊመስል ይችላል።